አንቀጽ አሥራ አራት

ሰው በልጁ ይኮራል፣ በበሬው ይኮራል፣ ከደብር ደብር ዞሮ በተማረው ዜማ ይኮራል። ባንቺዓለም ወልደ ኪዳን የምትኮራው ግን በአንድ የውል አንቀጽ ነበር። ምን ይደረግ፤ ልጅ አልሰጣትም፣ ባሏም በተጋቡ በአራተኛው ዓመት ሻንጣውን አንጠልጥሎ ኮምቦልቻ እንደሄደ እዚያው ቀረ። የተረፋት ሥራዋ ነው። ከሥራዋም ውስጥ «ይህንንስ እኔ ነኝ የሠራሁት» የምትለው አንቀጽ አሥራ አራትን ነው።

ላሊበላ ከተማ፣ በምሥራቀ ላስታ የገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ የግዥና የውል ኃላፊ ናት። ዩኒየኑ ከገነተ ማርያም እስከ ሙጃ ላሉ አሥራ አንድ ሺህ አባወራዎች ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያከፋፍላል። ማን ስንት ጥማድ መሬት አለው፣ ገብስ ነው ስንዴ የሚዘራው፣ ምን ያህል ማዳበሪያ ይደርሰዋል የሚለው ሁሉ ድሮ በትልልቅ መዝገብ ይጻፍ ነበር። በጦርነቱ ዓመት መዝገቡ የሻይ ማፍያ ማገዶ ሆኖ አለቀ። ማን እንዳነደደው ዛሬም ይጨቃጨቁበታል። ከዚያ በኋላ ቦርዱ «ወረቀት በቃን» ብሎ ሶፍትዌር እንዲገዛ ወሰነ፤ ሻጭ የመፈለጉና የመዋዋሉ ጣጣ ባንቺዓለም ላይ ወደቀ።

ያገኘችው ፈትል ቴክኖሎጂ የሚባል የአዲስ አበባ ድርጅት ነበር። የላኩላት ውል ሃያ ሦስት ገጽ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ ይፈርም ነበር፤ እሷ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አነበበችው። አንብባ ስትጨርስ አንድ ነገር ጎደላት። እነዚህ ሰዎች ነገ ቢከፉብን የገበሬው ዝርዝር እጃቸው ላይ ይቀራል፤ እኛ ምን ይዘን እንወጣለን? ሁለት ወር በስልክና በኢሜይል ተሟገተቻቸው። መጨረሻ ላይ እንዲህ የሚል አስገባች፤ ሻጩ ሥራውን በአግባቡ ካልሠራ ዩኒየኑ በሠላሳ በሠላሳ ቀን ልዩነት ሦስት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ከሦስተኛው በኋላ በአሥር ቀን ውስጥ ሻጩ ሙሉውን ዝርዝር ያስረክባል፣ ውሉም ይፈርሳል። አንቀጽ አሥራ አራት ማለት ይህ ነው።

ሌላም አስገብታ ነበር፤ አንቀጽ ሦስት። ሥራ አስኪያጁ ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ደሴ በሄደ ቁጥር ስንት ሥራ እንደሚቆም ስለምታውቅ፣ ይህን ውል በሚመለከት የባንቺዓለም ፊርማ ብቻውን፣ ያለ ማኅተም፣ ዩኒየኑን እንዲያስገድድ አደረገች። የቦርዱ ሰብሳቢ አቶ ደግሰው «እንዲህ ያለች ሴት ናት የጠፋችን» ብለው አስጨበጨቡላት። እሷም ወደየቀበሌው ወርዳ «ከእንግዲህ ወረቀት መያዝ ይቅር» ብላ አስተማረች፤ ቀበሌዎቹም ደስ ብሏቸው ተዉት።

ሁለት ዓመት ደኅና ሄደ። በሦስተኛው ዓመት ነገሩ መንገዳገድ ጀመረ። ከሙጃ በኩል ሲነጋጋ ተነሥቶ በእግሩ የመጣ ገበሬ «ሲስተም የለም» ተብሎ ይመለሳል። በማግሥቱም ሲስተም የለም። ፈትል ጋ ሲደወል ስልኩ ይጠራል እንጂ አይነሣም። ባንቺዓለም ዝርዝሩን ራሷ አውጥታ ልታስቀምጥ ሞክራ ነበር፤ ሶፍትዌሩ ስም በስም ያሳያታል እንጂ ሙሉውን ስትጠይቀው «አልተፈቀደልዎትም» ይላታል። የገዛ ገበሬዋን ስም! በታኅሣሥ የመጀመሪያውን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈች።

ፈትል በሰሜን ወሎ ወኪል ነበረው፤ ደሳለ ይባላል። የገነተ ማርያም ልጅ ነው። ፊደል የቆጠረውም ዳዊት የደገመውም በባንቺዓለም አባት በመምሬ ወልደ ኪዳን እግር ሥር ተቀምጦ ነው፤ ዛሬ ግን ጃኬቱን ለብሶ ሁለት ስልክ ይዞ ሲመጣ ያ የቆሎ ተማሪ ነው ብሎ የሚያምን የለም። በጥር ወር ቦርዱ ፊት ሲቀርብ ባንቺዓለም ሲስተሙ የጠፋባቸውን አርባ አንድ ቀናት አንድ በአንድ አነበበችለት። ደሳለ ሳቅ ብሎ ወደ ቦርዱ ዞረና፣

«ባሏን ማስተዳደር ያቃታት ሴት ውል አስተዳድራለሁ ትላለች» አለ።

ቦርዱ ሳቀ። ሁሉም አይደሉም፤ የሳቁት ግን በቂ ነበሩ። አቶ ደግሰውም አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፣ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ባንቺዓለም አላለቀሰችም። ወረቀቷን ሰብስባ ቢሮዋ ገባች፣ ሁለተኛውን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፋ በዚያው ቀን ላከችው። ሦስተኛውንም አዘጋጅታ ፈረመችበት። ሠላሳው ቀን የሚሞላው ዐቢይ ጾም በሚገባበት ሰኞ ነበርና እስከዚያ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ዞረች። ሌላው ሰው ምን እንደያዘች አያውቅም፤ ደሳለ ግን ቀን መቁጠር ይችላል።

ጾሙ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጧት፣ አባቷ ደወሉ።

«ነይ እስቲ። ኸቤት ሰው መጥቶብሻል» አሏት።

ገነተ ማርያም ስትደርስ ደሳለ ነጠላ አጣፍቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ የአባቷ ደጅ ላይ ጎንበስ ብሎ ቆሟል። አጠገቡ ሦስት ሽማግሌዎች አሉ። ድንጋዩ ከባድ አልነበረም፤ መርጦ ነው ያነሣው። የተበደለው ሰው «ጣለው» እስኪል ድረስ የበደለው ድንጋዩን እንደተሸከመ ይቆማል፤ ወጉ ነው። ባንቺዓለም ትንሽ አቆመችው። ይበለው አለች በልቧ፤ ፀሐዩ ማጅራቱን ሲመታው ደስ አላት፣ ደስ በማለቷም አፈረች።

«ልጄ፣ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ደጅሽ ላይ ቆሟል» አሉ መምሬ።

«ጣለው። ለእግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብዬሃለሁ» አለች።

ደሳለ ድንጋዩን ጥሎ ጉልበቷን ሳመ። እንባም ነበረው። ሽማግሌዎቹ መረቋቸው። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ደግ ነበር፤ ደሳለ ግን ወደ መምሬ ተጠግቶ፣ «የኔታ፣ እርቁ በጽሑፍ ይሁንልኝ። ነገ ሰይጣን መካከላችን እንዳይገባ» አለ።

መምሬ ወልደ ኪዳን እንዲህ ያለ ነገር ይወዳሉ። በወጣትነታቸው ብራና የጻፉ ሰው ናቸው፤ የእጅ ጽሑፋቸው ያምራል፣ እንደሚያምርም ያውቁታል። ወረቀት አስመጥተው በስመ ሥላሴ ብለው ጀመሩ። ደሳለ አጠገባቸው ተንበርክኮ አልፎ አልፎ «የኔታ፣ እንዲህ ቢባልስ» እያለ ቃል ያቀብላቸዋል። የድሮ ተማሪያቸው ነውና ፈገግ እያሉ የሚላቸውን ይጽፋሉ። ሲጨርሱ ጮክ ብለው ካነበቡ በኋላ ወረቀቱን ለልጃቸው ሰጧት።

ባንቺዓለም እንደ ልማዷ እንደገና አነበበችው። «በራሳችንም ሆነ በምንሠራለት ድርጅት ስም የተጻጻፍነውን ደብዳቤና ቅሬታ ሁሉ ጨምሮ ይቅር ተባብለናል፣ እንዳልነበረም አድርገነዋል» ይላል። ቆመች።

«አባቴ፣ ይቺ በምንሠራለት ድርጅት ስም የምትለዋ ቃል ትውጣ። ለዩኒየኑ አትበጅም። የተሰደብኩት እኔ ነኝ እንጂ ዩኒየኑ አይደለም» አለች።

«ምነው ልጄ? ኸይቅርታው ግማሹን ቆርሰሽ ልታስቀሪ ነው?»

«አይደለም አባቴ፤ ይሄ የሥራ ነገር ነው።»

«እግዚአብሔር ፊት ሥራና ቤት ይለያል እንዴ? ኸነገ ወዲያ ጾም ነው። ቂም ይዘሽ ልትገቢበት ነው?»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ደሳለ ተንበርክኮ መሬት መሬቱን ያያል። ባንቺዓለም ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። ማኅተም የለበትም። በዚህ አገር ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት ተከብሮ አይታ አታውቅም፤ እሷ ራሷ ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ሲመጣላት ሳታነብ ትመልሳለች። እንግዲህ ምን ያመጣል፣ የአባቴን ፊት ከማጥቆር ይሻላል አለች። ያለ ማኅተም ፊርማዬ ይበቃል ብላ አንቀጽ ሦስትን የጻፈችው እሷው ራሷ ነበረች። በዚያች ሰዓት ግን ያየችው ሽማግሌዎቹ ፊት የተቀመጡትን አባቷን ብቻ ነው፤ አንቀጽ ሦስት ትዝ አላላትም። ፈረመች።

መምሬ መስቀላቸውን አንሥተው፣ «ይኸን እርቅ ያፈረሰ፣ ቂም የያዘ፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን» ብለው ገዘቱ። ሁሉም አሜን አሉ። እሷም አሜን አለች።

ሰኞ ደብዳቤውን አላከችም። በታረቁ ማግሥት ማስጠንቀቂያ መላክ ነውር መሰላት፤ ትንሽ ይቆይ አለች። ደግሞም ሲስተሙ ተስተካከለ። ሃምሳ አምስቱን የጾም ቀን አንድም ጊዜ አልጠፋም። ለአባቷም ደውላ «አባቴ፣ እርቁ ሠርቷል» አለቻቸው፤ መምሬም ይህን ለቅዳሴ ለመጣው ሰው ሁሉ አወሩ።

በግንቦት መጀመሪያ፣ ማዳበሪያው መጋዘን ገብቶ ሊከፋፈል ሲል፣ ኮምፒዩተሩ ሲከፈት «ፈቃድዎ ታግዷል» የሚል ጽሑፍ ብቻ ወጣ። ወዲያው ደሳለ ደወለ። ድምፁ ትሁት ነው።

«እህቴ፣ ድርጅቱ አዲስ ውል አዘጋጅቷል። የአምስት ዓመት። ያቺ አንቀጽ አሥራ አራት የለችበትም። ከተፈረመ በሰዓቱ ይከፈታል።»

ባንቺዓለም ሳቀች። ከሳቀች ቆይታ ነበር። ቀኑን ያሻሻለችውን ሦስተኛውን ማስጠንቀቂያ ከቦርሳዋ አውጥታ ላከችና አሥር ቀን መቁጠር ጀመረች። በሦስተኛው ቀን መልሱ መጣ። አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው፤ ከጀርባው የአባቷ የእጅ ጽሑፍ ፎቶ ኮፒ ተያይዟል። ያ የሚያምር ፊደል፣ በስመ ሥላሴ ከሚለው ጀምሮ። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፤ የታኅሣሡና የጥር ወሩ ማስጠንቀቂያ በእርቅ እንዳልነበረ ስለሆነ የአሁኑ ደብዳቤዎ አንደኛ ማስጠንቀቂያ ሆኖ ተመዝግቧል፤ በአንቀጽ ሦስት መሠረት ፊርማዎ ብቻውን በቂ ነው፤ ስለ ክርስቲያናዊ መንፈስዎ እናመሰግናለን።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሦስተኛ አላስፈለጋትም። ቀሪዎቹን ሁለት ደብዳቤዎች በየሠላሳ ቀኑ ብትልክ ሐምሌ ነው፤ ያኔ ዝናቡ መሬቱን ጨርሶ ያለብሰዋል፣ የተዘራው ያለ ማዳበሪያ ተዘርቷል። መጋዘኑ ሙሉ ነው፤ የማን ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቅ ግን የለም። እንዲሁ እናድል እንዳይባል ሁሉም የራሱን ድርሻ ሁለት እጥፍ አድርጎ ይናገራል። ዳር ያለው፣ ዘመድ የሌለው ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህን በቃል ሲነጋገሩበት እንኳ መጋዘኑ ደጅ ሁለት ሰዎች ተፈነካክተዋል።

ወሬው ከከተማው ቀድሞ ገጠር ደረሰ። ገበያ ስትወጣ ሴቶች ዘወር ይሉባታል። አንዱ የሙጃ ሰው እንድትሰማው አድርጎ፣ «የመምሬ ልጅ ይቅር ያለችው የኛን ማዳበሪያ ነው አሉ» አለ። አጠገቡ ያሉት ሳቁ። ያ የቦርዱ ሳቅ ነበር፤ ድምፁ እንኳ አልተለወጠም።

ዩኒየኑ ከወልድያ ጠበቃ አስመጣ። ኤልሳቤጥ ትባላለች፤ ፈጣን፣ ቁጥብ ሴት ናት። ሰነዱን አይታ፣ «አንድ ቀዳዳ አለ» አለች። «አስታራቂው ቀርበው እርቁ በስድቡ ብቻ ነበር፣ እሷም ያቺን ቃል ሳታስተውል ነው የፈረመችው ብለው ከመሰከሩ ፍርድ ቤት ዝርዝሩ በአስቸኳይ እንዲሰጠን ሊያዝልን ይችላል። ሁለቱም ያስፈልጉኛል። ሳታስተውል የምትለዋ ከሌለች አንሄድም። አውቃ ከፈረመች ዳኛው ምን ያድርጋት?»

ቦርዱ ለሐሙስ ቀጠሮ ያዘ። ምስክሩ ካልተገኘ አዲሱ ውል ይፈረማል፣ ባንቺዓለምም ከሥራ ትሰናበታለች። አቶ ደግሰው ይህን ሲነግሯት ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ነበር።

ማክሰኞ አባቷ ዘንድ ሄደች። ግቢው ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው የተማሪዎቹን ጎጆ ነው። የሣር ክዳኑ ተነሥቶ አዲስ ቆርቆሮ ለብሷል።

«ይሄን ማን ሠራው አባቴ?»

«ደሳለ ነዋ። በፋሲካ መጥቶ፣ ስለት ነበረብኝ የኔታ ብሎ። ክረምት በመጣ ቁጥር እነዚያ ልጆች እንዴት እንደሚርሱ ታውቂ የለ?»

መምሬ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጉቦ አልበሉም። ሰባት ጊዜ ቢቀርብላቸው ሰባቱንም ይመልሱ ነበር፤ ጉቦ መሆኑን ካወቁት። ባንቺዓለም ስለ ቆርቆሮው አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ነገሩን ከሥሩ ጀምራ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። እሳቸው ሶፍትዌር አያውቁም፣ መዝገብ ግን ያውቃሉ።

«መዝገቡን ደሳለ ይዞታል ማለትሽ ነው?»

«አዎ።»

«የኔም ስም አለበት?»

«አለበት። ግማሽ ኩንታል።»

ባንቺዓለም እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

«አባቴ፣ ሐሙስ ቀርበው ልጄ ቃሉን አላስተዋለችውም ይበሉልኝ። አንዲት ቃል ናት።»

«ቆመሽ አላነበብሽውም?»

«አንብቤዋለሁ።»

«ትውጣ አላልሽኝም?»

«ብዬዎታለሁ።»

«ታዲያ እንዴት ብዬ አላስተዋለችም ልበል? በዚህ እጄ መስቀል ይዤ?»

«ፈርሚ ያሉኝ እርስዎ ነዎት አባቴ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «የገዘትኩት እኔ ነኝ። ለልጄ ስል እርቅ ያፈረስሁ እንደሆነ ኸንግዲህ ማን ያምነኛል?» አሉ። ባንቺዓለም ተነሥታ ሄደች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የአባቷን መስቀል ሳትሳለም ወጣች።

ሐሙስ ቦርዱ ተሰበሰበ። አሥራ አንድ ወንዶች፣ ኤልሳቤጥና እሷ። አቶ ደግሰው «እንግዲህ ምስክር ከሌለ...» ብለው ሲጀምሩ በሩ ተንኳኳና መምሬ ወልደ ኪዳን ገቡ። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰዋል፤ ጫማቸው አቧራ ነው። በእግራቸው ነው የመጡት። ሁሉም ተነሥቶ መስቀል ተሳለመ። መጡ። ለእኔ ብለው መጡ አለች ባንቺዓለም በልቧ።

«ሁለት ቀን አሰብሁበት። እውነት መመስከር እርቅ ማፍረስ አይደለም» አሉ መምሬ፤ ወንበር ሲሰጣቸው አልቀመጥም ብለው ቆመው። «ኸኔ ቤት የታረቁት በስድቡ ነው። የመሥሪያ ቤት ነገር አልተነሣም። የደብዳቤውን ቃል ያቀበለኝ ደሳለ ነው። እኔ ዳዊት አስተማርሁት፣ እሱ ውል አስጻፈኝ።»

ኤልሳቤጥ በፍጥነት ትጽፋለች። አቶ ደግሰው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ባንቺዓለም ሰኔን አየችው፤ መጋዘኑ ተከፍቶ፣ ስም እየተጠራ፣ የሙጃው ሰውዬ ድርሻውን ተቀብሎ አንገቱን ሲደፋ ሁሉ ታያት።

«አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ መምሬ» አለች ኤልሳቤጥ። «ወይዘሮ ባንቺዓለም ስትፈርም በምንሠራለት ድርጅት ስም የምትለዋን ቃል አላስተዋለቻትም፣ አይደል?»

መምሬ ወልደ ኪዳን ወደ ልጃቸው ዞሩ። ከዚያ የቦርዱን ሰዎች አንድ በአንድ አዩ። በጥር ማን እንደሳቀ ሰው ነግሯቸው ነበር። ልጃቸው በእነዚህ ሰዎች ፊት እንደ ሞኝ መቆጠሯ ከውግዘት በላይ አሳመማቸው። ደረታቸውን ነፉ።

«አላስተዋለችም? እቴ! የኔ ልጅ እንኳን ቃል ነጥብ አታልፍም። ሽማግሌው ሁሉ ሲያልፋት እሷ ናት የያዘቻት። ይቺ ቃል ለዩኒየኑ አትበጅም፣ ትውጣ አለችኝ። አውቃለች። እኔ ነኝ ፈርሚ ያልኋት። ጥፋቱ የኔ ነው እንጂ የሷ አይደለም። ማንም ሰው ልጄን ሞኝ ናት እንዳይል።»

ኤልሳቤጥ ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አዳራሹ ጸጥ አለ። መምሬ ጸጥታውን አክብሮት መሰላቸው።

«እግዚአብሔር ይስጥልን መምሬ። ውጭ አረፍ ይበሉ» አሉ አቶ ደግሰው።

መምሬ ሲወጡ በልጃቸው በኩል አልፈው ትከሻዋን ነካ አደረጓት። ፊታቸው ላይ እርካታ ነበር። በሩ ሲዘጋ ኤልሳቤጥ ማስታወሻዋን አጠፈች።

«ጉዳቱን አውቃ ነው የፈረመችው ማለት ነው። በዚህ ፍርድ ቤት አልሄድም» አለች።

ድምፅ ለመስጠት እንኳ አልተቸገሩም። ደሳለ ከጧት ጀምሮ ግቢው ውስጥ ይጠብቅ ነበርና ተጠራ፤ አዲሱን ውል በሁለት ቅጂ ይዞ ገባ። ሥራ አስኪያጁ ማኅተሙን ከኪሱ አውጥቶ ሊፈርም ሲጠጋ ደሳለ በትሕትና ከለከለው።

«ይቅርታ ጌታዬ፤ የቀድሞውን ውል የምትዘጋው የውሉ ተጠሪ ናት። አንቀጽ ሦስት።»

ሁሉም ወደ ባንቺዓለም ዞሩ። አዲሱ ውል ሠላሳ ሁለት ገጽ ነው። ልማዷ ነውና ማንበብ ጀመረች፤ አቶ ደግሰው ግን «አሁን ደግሞ ምን ታነቢያለሽ?» አሏት። የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። ፈረመች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ጸሐፊዋ ከወዲያ ክፍል «ሲስተም መጥቷል» አለች፤ ግቢው ውስጥ የተሰበሰበው ገበሬ እልል አለ። እልልታው ለደሳለ ነበር።

«ቁልፉን ለጸሐፊዋ ስጪያት። የሥራ ልምድ ወረቀትሽ ይጻፍልሻል» አሉ አቶ ደግሰው።

መሳቢያዋ ውስጥ ብዙ ዕቃ አልነበረም። ሁለት ብዕር፣ የአንገት ልብስ፣ ያ የድሮው ውል ኮፒ። ኮፒውን ጠረጴዛው ላይ ትታው ወጣች። መምሬ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይጠብቋታል። እልልታውን ሰምተዋል፤ ምስክርነታቸው የሠራ መስሏቸዋል። የነገራቸው ሰው የለም፤ እሷም ምን ብላ ትንገራቸው። ሊነሡ ሲሉ ደሳለ ከኋላዋ ደረሰ። ጎንበስ ብሎ የመምሬን ጉልበት ሳመ፤ ከዚያ ቀና ብሎ፣ አባቷ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«እህቴ፣ ቂም የለም አይደል?» አለ።

ግዝቱ እንዳለ ነው፤ አሜን ብላለች። አባቷ ዓይን ዓይኗን ያዩዋታል። የሰባ ዓመቱ ሽማግሌ ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው የመጡት ለልጃቸው ሲሉ ነው።

«የለም» አለች ባንቺዓለም።

መምሬ ወልደ ኪዳን ከልባቸው ተነፈሱ። «ተመስገን» አሉና መስቀላቸውን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ሁለቱንም አሳለሟቸው፤ መጀመሪያ ደሳለን፣ ቀጥሎ እሷን።